ምሰሶው ያልተንኳኳበት ቤት

የእሳት አደጋ ልብሴን ያስረከብኩት አንድ ጠዋት ላይ ነው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጃኬቱንና ቦቱን ተቀብሎ ሄልሜቱን ገለበጠና "ውስጡ ላይ ስምህን በቀለም ጽፈሃል፤ አሁን ይህን ለማን ልስጠው?" አለኝ።

"ዘርጋው የሚባል ሰው ፈልግ" አልኩት። ተሳሳቅን። ከዚያ ግራ እግሬን እየጎተትኩ ግቢውን አቋረጥኩና ማሠልጠኛው ክፍል ገብቼ ጠመኔ አነሣሁ። ሙያ የለወጥኩት ከግቢው በር እንኳ ሳልወጣ ነው።

ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ስለ ሥራ ዘመኑ ልጻፍ ሲል ድፍረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እሳት አጥፊነቴ አብቅቷል፤ ያለቀን ነገር ደግሞ ሳይቀዘቅዝ መጻፍ ይሻላል። ሠልጣኞቼም "መምህር፣ እግርህ ምን ሆኖ ነው?" እያሉ ይጠይቁኛል። መልሱ አጭር ስላልሆነ እዚህ ላስቀምጠው።

ቅደም ተከተሉን ልጠብቅ። ሥራ የጀመርኩት ቡታጅራ ነው። እሳት ማጥፋት የልጅነት ሕልሜ አልነበረም፤ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት የሥራ ማስታወቂያ እሱ ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም። አለቃችን አቶ ተክሌ መኪና ማሳጠብ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ጠዋት ይታጠባል፤ ከሰዓት አቧራ ከነካው እንደገና ይታጠባል። "የቆሸሸ የእሳት አደጋ መኪና ሚዜ የቀረበት ሙሽራ ነው" ይሉ ነበር። እኛ ከኋላቸው እንስቅ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ግን መኪናን በእጁ የሚያጥብ ሰው የላላውን ቡሎንና የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሳይፈልግ ያገኘዋል። የአቶ ተክሌ መኪና መንገድ ላይ ቆማብን አታውቅም።

ቡታጅራ ያስተማረችኝ ሌላው ነገር ነፋስ ነው። አንድ ቀን ገበያው አጠገብ ያለ የበርበሬ መጋዘን ተቃጠለ። የማረቆ በርበሬ በማዳበሪያ ተሞልቶ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። አንድ ዛላ ከሰል ላይ ሲወድቅ ቤተሰቡ በሙሉ እንዴት እያስነጠሰ ወደ ደጅ እንደሚሮጥ አስቡና መጋዘን ሙሉ አድርጉት። እኔ ጀግና ነኝ ብዬ ፊት ለፊት ገባሁ። የወጣሁት ሁለት ዓይኖቼን ጨፍኜ፣ ሰው እጄን ይዞ እየመራኝ ነው። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ፊቴ ላይ ውሃ እያፈሰሰችልኝ "ውይ የኔ ልጅ! አንተ ነህ ልታድነን የመጣኸው?" አለችኝ። እሳቱ የጠፋው አቶ ተክሌ መኪናውን አዙረው ነፋሱን ከጀርባችን ካደረጉት በኋላ ነው። እሳት ከየት በኩል እንደሚቀረብ የተማርኩት ያን ቀን፣ በእንባዬ ነው።

ቀጥሎ ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ። ይህ ጽሑፍ የጋሽ ነስሩ ነውና እዚህ ላይ ቀስ ልበል።

ጋሽ ነስሩ የፈረቃችን አዛዥ ነበሩ። አጭርና ደልዳላ ሰው ናቸው፤ ቸኩለው ሲራመዱ ያያቸው የለም። እሳት ቦታ ስንደርስ እኛ ከመኪናው ስንዘል እሳቸው ይወርዱ ነበር። "እሳት ጋ በሩጫ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ትንፋሹን ነው። እሳቱ እስክታገኘው አይጠብቅህም" ይላሉ። በዕረፍት ቀናቸው ከተማዋን በእግራቸው ይዞራሉ። የትኛው ቅያስ ላይ አዲስ የላስቲክ ዳስ እንደተተከለ፣ የማን አጥር ወደ መንገድ እንደገፋ ያያሉ። ከባለቤቱ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ፤ ሲነሡ "ወንድሜ፣ ይቺ አጥርህ መኪናዬን አታሳልፋትም" ይሉታል። ሳይጣሉ አጥር የሚያስነሡ ሰው ናቸው።

አንድ ኩራት ነበራቸው። "ከእኔ ጋር የገባ ከእኔ ጋር ይወጣል" ይላሉ። እውነትም በሥራ ዘመናቸው ሁሉ በእሳቸው ትእዛዝ ገብቶ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ይህን በደረታቸው አይናገሩትም፤ ሌላው ሰው ሲናገርላቸው ግን ዝም ብለው ይሰማሉ።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ልማዳቸው ምሰሶ ማንኳኳታቸው ነው። ይህን ለማስረዳት የጉራጌን ቤት ማስረዳት አለብኝ። የሣር ክዳኑ ቤት ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው ወገብ በላይ ደጋፊ እንጨቶች እንደ ጃንጥላ ሽቦ በየአቅጣጫው ይዘረጉና ጣሪያውን ይሸከማሉ። በሩ ላይ ቆማችሁ ወደ ውስጥ ስታዩ ምሰሶው ይታያችኋል። ጋሽ ነስሩ ማንም ሰው ከመግባቱ በፊት መኪናው ላይ የምንይዘውን ረጅም መንጠቆ በበሩ አስገብተው ምሰሶውን ይመቱትና ጆሯቸውን ያቀናሉ። ደህና ከሆነ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ደረት እንደመምታት ነው። ደጋፊዎቹ ከአንገታቸው ከተበሉ ግን ከላይ ፍም ይረግፋል፤ ድምፁም ይሰነጠቃል። "ቤቱን ሳታስፈቅድ አትግባ" ይሉናል። "እንግዳ እንኳ በር ያንኳኳል፤ እኛ ደግሞ ምሰሶ እናንኳኳለን።"

ሌላዋ ባልደረባዬ አስቴር ናት፤ የፓምፑ ሠራተኛ። ባሏ ብየዳ ቤት አለው፤ ብረት የምታውቀው ግን እሷ ናት ይባላል። "መምህሩ" የሚለውን ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ ያኔ መምህር የመሆን ሐሳብ እንኳ አልነበረኝም። አንድ ቧንቧ ለምን እንደሚያፈስ ሳስረዳት እሷ ጠግናው ትጨርስና "ቀጥል መምህሩ፣ እየሰማሁህ ነው" ትለኛለች። ጸሎተኛ ናት፤ ሐሰት አትናገርም፤ ቀልዷ ግን ማንንም አይምርም።

ፓምፑ ሲሠራ ጩኸቱ ሰው አያሰማም። ስለዚህ የምንነጋገረው በእጅ ነው። ክንድ ወደ ላይ ሲነሣ ውሃ ጨምሪ ማለት ነው፤ ክንድ ሲጠላለፍ ዝጊ። ቡጢን ደረት ላይ አድርጎ መዳፍን ወደ በሩ መዘርጋት ደግሞ "ግባ" ነው። ይህ የመጨረሻው የአዛዡ ብቻ ነው። መመሪያችንም ያለ አዛዥ ትእዛዝ የሚነድ ቤት ውስጥ መግባትን ይከለክላል።

መስቀል እየደረሰ ነበር። በዚህ ጊዜ የጉራጌ መንደር ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ አላስረዳም፤ ለማያውቅ ግን፦ ለበዓሉ የተፈለጠው ደረቅ እንጨት በየቤቱ ጥግ እስከ ቆጡ ተከምሯል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ መንገዱን ሞልቶታል። አገሩ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ እኛ ተረኞች ነን። ከቀትር በኋላ ከእምድብር መንገድ ወጣ ካለ መንደር ተደወለ። ጀፎረው ላይ ስንደርስ፣ ያ ሰፊው የመንደሩ ሣር መንገድ፣ በሁለቱም ወገን ሰው ቆሟል። የሚነደው የእማማ ትርፌ ቤት ነው።

የመንደሩ ሰው ዝም ብሎ አልጠበቀንም። እንሰት ባለበት አገር ማንም ሰው እሳት ሲያይ የሚያስበው ኮባ ነው። ቅጠሉ ውሃ የተሞላ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ጓሮ ሁሉ ሞልቷል። ወጣቶቹ በመሰላል ወጥተው ጣሪያውን በኮባ ደራርበው አልብሰውታል። ነበልባል አይታይም። ነጭ ጭስ ብቻ ቀስ እያለ ይወጣል። ማንም ያየው ሰው "ጠፋ" ይላል። ስሕተቱ ይህ ነው፤ ከዚህ አገር ሰው በቀር የሚሠራው የለም። ኮባው ነበልባሉን ያፍናል እንጂ ሣሩን አያጠፋውም፤ እሳቱ ከሥር ውስጥ ለውስጥ እየጤሰ ደጋፊዎቹን ይበላል። እርጥቡ ኮባ ደግሞ ክብደት ነው።

ጋሽ ነስሩ ቱቦውን ይዘው ከጓሮ በኩል ዞሩ፤ እኔ በበሩ በኩል ቀረሁ። መንጠቆው መኪናው ላይ ነው። በዚህ መሐል እማማ ትርፌ ጮኹ፦ "አባወራዬ ውስጥ ነው! ዓይኑ አያይም! ኧረ የሰው ያለህ!"

ሰዉ ሁሉ "ሰው አለ!" እያለ ተቀበላቸው። ዞር ብዬ ከቤቱ ጎን ብቅ ያሉትን ጋሽ ነስሩን አየሁ። በጭሱ መሐል ቡጢያቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ መዳፋቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። ገባሁ።

ሽማግሌው ውስጥ አልነበሩም። ጎረቤት ቀድሞ ተሸክሟቸው ጀፎረውን ተሻግሮ ነበር፤ እኛ ስንጮህ እሳቸው ማዶ ካለው ቤት ተቀምጠው ወተት ይጠጡ ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያወቅሁት ምሰሶውን አልፌ "አባባ!" ስል ከላይ የሆነ ነገር መሰንጠቁን ነው። ጣሪያው ከነኮባው ወረደ።

ጋሽ ነስሩ ናቸው ያወጡኝ። ደጋፊውን እንጨት በጫንቃቸው አንሥተው እግሬን ከሥሩ ሳቡት። ከአፋቸው የሰማሁት "ያ አላህ፣ ያ አላህ" ብቻ ነበር። የማደንቃቸውን ሰው ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አታት ሆስፒታል ወስደው አሳከሙኝ። ጉልበቴ ዳነ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። መሰላል መውጣት አልችልም። ጥያቄው የመጣው እዚህ ላይ ነው፦ መሰላል የማይወጣ እሳት አጥፊ ምን ይሆናል?

ሕጉን በቀላሉ ላስረዳ፤ ብዙ ባልደረቦቼ ሲጎዱ ብቻ ነው የሚጠይቁት። ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ከተጎዳ እስኪድን ሥራው ይጠበቅለታል። ድኖ የቀድሞውን ሥራ መሥራት ካልቻለ ደግሞ የሚችለው ቦታ ይፈለግለታል። ደግ ሕግ ነው። ግን አንድ በር አለው፤ ሠራተኛው የደህንነት መመሪያ ጥሶ ጉዳቱን በራሱ ላይ ካመጣው ጥበቃው ሊቀርበት ይችላል። የእኔ ነገር በዚያ በር ላይ ቆመ። ያለ ትእዛዝ ገባሁ ከተባለ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ በትእዛዝ ገባሁ ከተባለ ሥራዬ አለልኝ።

ትእዛዙን ደግሞ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አስቴር ሙዝ ይዛልኝ መጣች። "ምልክቱን አይተሻል?" አልኳት።

"የግፊት መለኪያውን ነበር የማየው" አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "አላየሁም መምህሩ። ልዋሽልህ? ጌታን እፈራለሁ። አንተም ብትሆን ቀጥለህ መዋሸት ለምን ክፉ እንደሆነ ታስረዳኛለህ።" ሳቅሁ፤ ጉልበቴን አመመኝ።

ጋሽ ነስሩም እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር። "አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደርክ?" ብለው ይቀመጣሉ። ብርቱካን ይልጡልኛል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዲሱ ቱቦ፣ ድሮ ስለነገርኳቸው የአቶ ተክሌ መኪና እጥበት ያወራሉ። ስለ ምልክቱ ግን ምንም አይሉም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ትልቅ ሰውን "ይህን አድርገዋል አይደል?" ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። ደግሞ ጡረታቸው ደርሷል፤ የምስጋና ዝግጅትም ታስቦላቸዋል። የሥራ ዘመናቸው ሙሉ ኩራት ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። እሳቸው ከተናገሩ እሷ ትሰበራለች፤ ዝም ካሉ ደግሞ እኔ ከሥራ እወጣለሁ። ሲሄዱ ጀርባቸውን እያየሁ እቀር ነበር። ይናገሩ ይሆን? ብዬ ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኝ ነበር።

አጣሪ ኮሚቴው ሲቀመጥ በክራንች ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር የዚያ መንደር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ማንም አልጠራቸውም። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ፣ የእማማ ትርፌ ባል፣ በትራቸውን ይዘው ከፊት ናቸው። የሰው ኃይል ኃላፊው ወጥቶ "አባቶች፣ ይህ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው" አላቸው።

"እናውቃለን" አሉ ሽማግሌው። "እኔን ብሎ የገባ ልጅ ነው የተሰበረው። ልጁ ምን እንደሚሆን ሳንሰማ አንሄድም። ዝናብ ቢመጣም ሣር ነን፤ ምንም አንሆንም።"

ውስጥ ገባን። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጻፈውን የሚጠብቅ ሰው ነው። የሆነውን ተናገርኩ። አስቴር ያላየችውን አላየሁም አለች። ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ስለዚህ ትእዛዝ መኖሩን ከተጎጂው በቀር የሚያረጋግጥ የለም ማለት ነው" አለ።

ጋሽ ነስሩ ተነሡ። እንደ ወትሯቸው ቀስ ብለው።

"ምልክቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ምሰሶውን ሳላንኳኳ ነው የሰጠሁት። ኮባውን አይቻለሁ። ከሥሩ ምን እንዳለ ከዚህ ክፍል ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሴትየዋ ስትጮህ ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር አልሰማም። ልጁ የታዘዘውን ነው ያደረገው።"

ኃላፊው እስክሪብቶውን መልሶ አነሣ።

"ጋሽ ነስሩ" አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያሉትን ካጸናነው በእርስዎ ማህደር ላይ ይገባል። ጡረታዎ ደርሷል። እስቲ ረጋ ብለው ያስቡበት።"

"ይግባ" አሉ። "ልጁ እግር ላይ የወደቀው ማህደር አይደለም።"

ከተቀመጡ በኋላ አንድ ሌላ የኮሚቴ አባል "ጥፋቱን ለምን እስከ ዛሬ አልተናገሩም?" ሲል ጠየቃቸው። "ስብሰባው ዛሬ ነው የተጠራው" አሉ። አስቴር አፏን በእጇ ያዘች።

ጉዳቴ በሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ ተወሰነ። እስክድን ሥራዬ ተጠበቀ፤ ከዚያም አሠልጣኝ ሆኜ ተመደብኩ። ጋሽ ነስሩ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ የታሰበው የምስጋና ዝግጅትም በዝምታ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ውሳኔውን ሰምተው መርቀውን፣ በትራቸውን አንሥተው ሄዱ።

በረንዳው ላይ ብቻችንን ስንቀር ድፍረቱ መጣልኝ። "ጋሽ ነስሩ፣ ተኝቼ ሳለሁ ለምን አንዲት ቃል አልነገሩኝም? ስንት ቀን ተጨነቅሁ።"

ክራንቼን ተቀብለው ግድግዳው ላይ አስደገፉትና አጠገቤ ተቀመጡ። "ብነግርህ ይቅር ትለኝ ነበር" አሉ። "አውቅሃለሁ። አንተ ይቅር ካልከኝ ደግሞ ልቤ ይቀለኛል። ልቡ የቀለለው ሰው እዚህ መጥቶ መናገሩን ሊተወው ይችላል። ሸክሙን እስከዚህ ይዤው መምጣት ነበረብኝ።"

እኔ የመልካም አሠልጣኝን ጠባይ በዝርዝር ላስረዳችሁ እችላለሁ፤ ሥራዬም ነው። ይህን ያህል ራሱን የሚያውቅና ራሱን የሚጠብቅ ሰው ግን በየትኛው ርዕስ ሥር እንደማስቀምጠው እስካሁን አላወቅሁም።

ጡረታ የወጡ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ያላደረገውን ፈረቃችን አደረገው። አስቴር መኪናውን ሁለት ጊዜ አጠበችው። ጋሽ ነስሩን ፊት ለፊት አስቀምጠን፣ ጥሩምባችንን እየነፋን፣ በወልቂጤ መሐል አድርገን ሰፈራቸው ድረስ አደረስናቸው። እሳቸው ያስነሷቸው አጥሮች ባለቤቶች ሁሉ ደጃቸው ላይ ወጥተው እጃቸውን አወዛወዙ። አንዱ "ጋሼ፣ ዛሬስ መኪናዋ አለፈች!" ብሎ ጮኸ። እሳቸው መስኮቱን ዝቅ አድርገው "አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ብታደርገው ደግሞ ትሮጥ ነበር!" አሉት።

አሠልጣኝ ስሆን መጀመሪያ ያስተካከልኩት ያን ምልክት ነው። ሰጪውና ተቀባዩ ብቻ የሚያውቁት ትእዛዝ ለተጎጂ ዋስትና እንደማይሆን በእግሬ አውቄዋለሁ። አሁን አዛዡ "ግባ" ሲል፣ ገቢው ያንኑ ምልክት መልሶ ያሳያል። ከዚያ የፓምፑ ሠራተኛ እጁን ወደ ላይ ያነሣል፤ አይቻለሁ ማለት ነው። ሦስተኛው እጅ ሳይነሣ ማንም አይገባም። አንድ ትንፋሽ ብትወስድ ነው። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ አዛዡ "ምሰሶውን አንኳኩቻለሁ?" ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ለልምምድ ግቢው ውስጥ የሣር ቤት ሠርተናል፤ ምሰሶና ደጋፊ ያለው። ባለፈው የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞቼ ሊመረቁ ሲሉ ጋሽ ነስሩን ጋበዝኳቸው። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው መጡ። አስቴር ፓምፑን አስነሥታ "ጋሼ፣ ይምጡ፣ መለኪያውን እኔ ልይ፤ ሰዉን እርስዎ ይዩልኝ" ብላ ከጎኗ አቆመቻቸው።

ጭሱን ለቀቅን። መንጠቆውን በበሩ አስገብቼ ምሰሶውን መታሁት፤ ወፍራም ድምፅ ሰጠ። ቡጢዬን ደረቴ ላይ አድርጌ መዳፌን ወደ በሩ ዘረጋሁ። ሠልጣኞቹ ምልክቱን መለሱልኝ። ሁላችንም ወደ ፓምፑ ዞርን።

ጋሽ ነስሩ ቤቱን አዩት፤ እግሬን አዩት፤ ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አነሡ።

ልጆቹ ተራ በተራ ገቡ። ጭሱ ውስጥ ሲጠራሩ ይሰማል። አስቴር ጎንበስ ብላ በጆሯቸው "ጋሼ፣ አይተናል እኮ፤ አሁን እጅዎን ማውረድ ይችላሉ" አለቻቸው።

አላወረዱም። የመጨረሻው ልጅ እያሳለ በበሩ እስኪወጣ ድረስ ክንዳቸው እንደተነሣ ነበር።